ሲስተርን ጠይቁ፦ እህቴ የላከችልኝን የሆርሞን ፕላስተር ልለጥፈው?

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 50 ነው። የወር አበባዬ ከቀረ ሰባት ወር ሆኖታል። ከደረቴ ተነስቶ ወደ ፊቴ የሚወጣ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ይመላለስብኛል፤ ወዲያው ላብ ያጠምቀኛል። ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ በታክሲ ስሄድ መስኮት እከፍታለሁ፤ ከኋላ ያሉት «ዝጊው፣ ንፋስ ይመታናል» ይሉኛል። ማታ ባለቤቴ በብርድ ልብሱ ላይ ጋቢ ደርቦ ይተኛል፤ እኔ ደግሞ አንሶላ እገፋለሁ። እንቅልፍ የለኝም። ቢሮ ሒሳብ ስሠራ ቁጥሩ ይጠፋብኛል፣ በትንሽ በትልቁ እቆጣለሁ።

ሜሪላንድ ያለችው ታላቅ እህቴ እሷ የምትጠቀመውን የሆርሞን ፕላስተር በሰው ላከችልኝ። እሷ በማዮማ ምክንያት ማህፀኗ ከወጣ ቆይቷል፤ ፕላስተሩ በጣም ረድቷታል። እኔ የደም ግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ። ጎረቤቴ ግን «ሆርሞን ካንሰር ያመጣል፣ ይልቅ ተልባ ጠጪ» አለችኝ። ልለጥፈው ወይስ ልተወው?
*ወ.፣ ከአራት ኪሎ*

መልስ፦ እህቴ፣ ፕላስተሩን ለጊዜው ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጪው። አትጣይው፣ ግን አትለጥፊውም። ምክንያቴ የጎረቤትሽ አይደለም። በደብዳቤሽ ውስጥ በአንድ መስመር ያለፍሽው ነገር ነው፤ የእህትሽ ማህፀን ወጥቷል፣ ያንቺ አለ።

ማህፀን ለሌላት ሴት ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ብቻውን ይበቃታል። ማህፀን ያላት ሴት ግን ኤስትሮጅን ብቻውን ስትወስድ የማህፀኗ ውስጠኛ ሽፋን እየወፈረ ይሄዳል። ሲቆይ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። ለዚህ ነው ሽፋኑን የሚገታው ፕሮጄስትሮን አብሮ የሚታዘዝላት። ካርቶኑን አውጪና አንብቢው። «ኢስትራዲዮል» (የኤስትሮጅን ዓይነት ነው) ብቻ ከተጻፈበት፣ እህትሽ የላከችልሽ የመድኃኒቱን ግማሽ ነው። ሁለቱንም የያዘ ፕላስተርም አለ፤ እሱም ቢሆን ያለ ሐኪም አይጀመርም።

ወደ ካንሰሩ ልምጣ። በጎረቤትሽ አልፈርድም፣ ፍርሃቷ ምንጭ አለው። በሐምሌ 1994 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 2002) አሜሪካ ውስጥ ሲካሄድ የነበረ፣ ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት ከታቀደለት ጊዜ በፊት ተቋረጠ። ሁለቱን ሆርሞኖች አብረው በወሰዱት ላይ የጡት ካንሰር፣ ስትሮክና የደም መርጋት በዝቶ ተገኘ። ያኔ አዋላጅ ነርስ ነበርኩ። ወሬው እኛም ጋ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ስለ ሆርሞን ያነሳች ሴት ሁሉ «ተይው፣ ቻይው» ተብላ ትመለስ ነበር።

ዝርዝሩ ግን ከወሬው ጋር አልመጣም። የሴቶቹ አማካይ ዕድሜ 63 ነበር፤ አብዛኞቹ ካረጡ ዓመታት ያለፏቸው ናቸው። የጡት ካንሰሩ ጭማሪ በዓመት ከ10,000 ሴቶች በ8 ያህሉ ላይ ነው። ማህፀናቸው ወጥቶ ኤስትሮጅን ብቻ በወሰዱት ላይ ደግሞ የጡት ካንሰር አልጨመረም። ዛሬ ባለሙያዎች የሚስማሙበት ይህ ነው፦ ሴትየዋ ከ60 ዓመት በታች ከሆነች፣ ወይም ካረጠች 10 ዓመት ካልሞላት፣ የሚከለክላት በሽታም ከሌለ፣ ሙቀቱና ላቡ ካስቸገራት ጥቅሙ ከጉዳቱ ያመዝናል። ምንም አደጋ የለውም አልልሽም። ሁለቱን አብሮ መውሰዱ በረዘመ ቁጥር የጡቱ ስጋት ይጨምራል። ስለዚህ በየዓመቱ ከሐኪም ጋር ቁጭ ብሎ «ልቀጥል ወይስ ላቁም?» ማለት አለ።

የጡት ካንሰር ታክማ የምታውቅ፣ እግሯ ወይም ሳንባዋ ላይ ደም የረጋባት፣ ስትሮክ ወይም የልብ ደም ስር መዘጋት የደረሰባት፣ ጉበቷ የታመመ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ደም የሚፈሳት ሴት ይህ መንገድ ለእሷ አይደለም። ለእነዚህ ሆርሞን የሌላቸው መድኃኒቶች አሉ። ሐኪም የሚያዝዛቸው አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ሙቀቱን ይቀንሳሉ። ያንቺ የደም ግፊት በመድኃኒት ከተስተካከለ አይከለክልሽም። እንዲያውም ላንቺ ከሚዋጠው ፕላስተሩ ይመረጣል። የሚዋጠው መጀመሪያ በጉበት ስለሚያልፍ ደም የማርጋት ስጋቱ ከፍ ይላል።

አንድ ነገር ግን አደራ። በኛ ከተማ ሌሊት ያላባት ሴት ሁሉ አርጣ አይደለም። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል፣ መክሳት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት ወይም ማታ ማታ ትኩሳት ካለሽ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄደሽ የቲቢ ምርመራ አድርጊ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው። ልብሽ ያለ ምክንያት የሚመታ፣ እጅሽ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ደግሞ የእንቅርት ዕጢሽን ይመርምሩልሽ። የሆርሞን ምርመራ ክፈዪ ቢሉሽ ግን ለምን እንደሚያስፈልግ ጠይቂ። በ50 ዓመትሽ፣ የወር አበባሽ ቀርቶ እንዲህ ሙቀት እየተመላለሰብሽ፣ ማረጥሽን ለማወቅ ብለሽ ደም መመርመር ብዙም አይጠቅምሽም። ገንዘቡን ለጡት ራጅ አስቀምጪው።

ጥቁር አንበሳም ጋንዲም የማህፀን ሐኪሞች አሉ፤ የምታምኚው ክሊኒክ ካለሽም እዚያ ሂጂ። ግፊትሽን ይለኩ፣ ጡትሽን ይዩ፣ በቤተሰባችሁ የጡት ካንሰር መኖር አለመኖሩን ንገሪያቸው። የፕላስተሩን ካርቶንም አሳዪያቸው። ከመጀመርሽ በፊት አንድ ነገር አስቢ፤ ሲያልቅብሽ ከየት ታገኛለሽ? ከሜሪላንድ የሚመጣ ሰው ሁሌ አይገኝም። እዚህ ፋርማሲ በቋሚነት የሚገኝ ዓይነት እንዲያዝዙልሽ ጠይቂ።

ከታዘዘልሽ በኋላ አለጣጠፉ ራሱ ዘዴ አለው። ከእምብርት በታች ወይም መቀመጫ ላይ ነው፤ ጡት ላይ በፍጹም። የቀሚስሽ ወገብ የሚፈትገው ቦታም አይሁን። ታጥበሽ ቆዳሽ በደንብ ሲደርቅ፣ ቫዝሊን ሳይነካው ለጥፊውና በመዳፍሽ ጫን ብለሽ ያዢው። ብዙዎቹ በሳምንት ሁለቴ ይቀየራሉ፤ ቦታውንም በየጊዜው መቀየር ነው። ቆዳ ላይ ሙጫው ቢቀር በትንሽ ዘይት ይለቃል። ለውጡን ለማየት ጥቂት ሳምንታት ታገሺ።

ሳልረሳው፣ ሰባት ወር ገና ነው። ማረጥ የሚባለው 12 ወር በተከታታይ የወር አበባ ሲቀር ነው። እስከዚያ ማርገዝ ይቻላል፤ ይህ ሆርሞን ደግሞ እርግዝና አይከላከልም። በ50 ዓመት የመጣ እርግዝና ይዘው እያለቀሱ የመጡ እናቶች አይቻለሁ።

ተልባውን ከወደድሽው ጠጪው፣ ለሆድ ጥሩ ነው፤ ለሙቀቱ ግን ተስፋ አትጣይበት። ቡናና ሚጥሚጣ አንዳንዷን ይቀሰቅሱባታል። አንቺንም የሚቀሰቅሱሽ ከሆነ አቦልን ጠጥተሽ ቶናና በረካውን ለእንግዶቹ ተይው። ታክሲ ውስጥ ደግሞ ጋቢና ተቀመጪ፤ እዚያ መስኮቱ ያንቺ ነው።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እናቴ 63 ዓመቷ ነው። ካረጠች አሥር ዓመት አልፏል። ባለፈው ሳምንት ትንሽ ደም አየች። «ልጅነቴ ተመለሰ» ብላ ሳቀች። ሆርሞን አትወስድም። ዝም ብለን እንጠብቅ?
*ልጇ፣ ከፒያሳ*

መልስ፦ አትጠብቁ፣ በዚሁ ሳምንት ውሰዷት። ካረጡ በኋላ የሚመጣ ደም ጠብታ እንኳ ቢሆን መታየት አለበት። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የብልት መድረቅ ወይም ትንሽ እባጭ ነው፤ ግን የማህፀን ካንሰርም አንዳንዴ በዚህ ይጀምራል፣ ቶሎ ከተደረሰበት ይድናል። አልትራሳውንድ ያነሷታል፣ አስፈላጊ ከሆነም ከማህፀኗ ሽፋን ናሙና ይወስዳሉ። እናትሽ ማፈሯ ስለማይቀር ሴት ሐኪም ካለች ጠይቁ። የምትውጠውን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህሉንም ጭምር፣ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ።