ተመራጬን የት ላግኘው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱን ጥያቄዎች ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ያርፋሉ፦ ድምፅ የሰጠነውን ሰው የት እናገኘዋለን፣ ብናገኘውስ ምን ሊያደርግልን ይችላል? የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገን፣ ረዘም ያሉትን አሳጥረን አቅርበናል።

ጥያቄ (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)፦ ውኃ በሳምንት አንዴ፣ ሲብስም በአሥራ አምስት ቀን ነው የምናገኘው። ቀበሌ ስንሄድ «ውኃና ፍሳሽን ጠይቁ» እንባላለን፤ እዚያ ስንሄድ ደግሞ «መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ቆሞ ነው» ይሉናል። በቀጥታ ለፓርላማ ተወካያችን ብንጽፍ አይሻልም?

መልስ፦ የድሬ ውኃ ዋናው ጉድጓድ ሳቢያን ሆኖ ሳቢያን ውኃ ሲያጣ ያናድዳል። ግን ከመጻፋችሁ በፊት ለማን የሚለው ይለይ። ድሬዳዋ በቻርተሯ፣ በአዋጅ ቁጥር 416/1996፣ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት የሆነ አስተዳደር ናት፤ የራሷም ምክር ቤት አላት። ከንቲባውን የሚመርጠው፣ የከተማዋን በጀት የሚያጸድቀው፣ የቢሮ ኃላፊዎችን ጠርቶ ሪፖርት የሚሰማው ይኸው ምክር ቤት ነው። አዲስ አበባ ካለው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 መቀመጫዎች ደግሞ የድሬዳዋ ድርሻ 2 ብቻ ነው። ለመላው ድሬ ሁለት ሰው ማለት ነው።

ስለዚህ የሚጠየቀው «ጉዳዬን የያዘው መሥሪያ ቤት ተጠሪነቱ ለማን ነው?» የሚለው ነው። ውኃ፣ ቆሻሻ፣ የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ መሬት፣ ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት ከሆነ የአስተዳደሩ ምክር ቤት ነው። መብራት፣ ቴሌ፣ ጉምሩክ፣ ፓስፖርትና ባቡር ከሆነ ግን ፌዴራል ነው፤ የፓርላማ ተወካያችሁን የምትፈልጉት ያኔ ነው።

የእናንተ ጉዳይ ሁለቱንም ይነካል። ውኃው የከተማው ነው፤ ፓምፑን የሚያዞረው መብራት የፌዴራል ነው። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ኳሷን እየተቀባበሉ የሚያንከራትቷችሁ በዚሁ ክፍተት ነው። መዝጊያው ይህ ነው፦ ለ14 ቀን በአንድ ደብተር አራት ዓምድ አስምሩና ቀኑን፣ ውኃ የመጣበትን ሰዓት፣ የሄደበትን ሰዓት፣ በዚያ ሰዓት መብራት መኖር አለመኖሩን መዝግቡ። ከተለያየ መስመር ሁለት ሦስት ቤት ቢመዘግቡ ይመረጣል። መብራት እያለ ውኃ ያልመጣባቸው ቀናት ከበዙ «መብራት ጠፍቶ ነው» የሚለው መልስ እዚያው ይወድቃል፤ ደብዳቤው ለከተማው ምክር ቤት ይሄዳል። ሁለቱ አብረው የሚጠፉ ከሆነ ሁለት ደብዳቤ ይጻፍ፤ ለየአንዱ የሚመለከተውን ብቻ ጠይቁ። የጉድጓዱ መብራት ግን ከሰፈራችሁ የተለየ መስመር ላይ ሊሆን ስለሚችል፣ ደብተራችሁን የፓምፑ የሥራ መዝገብ እንዲመሳከርበት አድርጋችሁ አቅርቡት።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ አጣሩ። የድሬ ውኃ ኖራ ይበዛበታል። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ቧንቧና ቆጣሪ ውስጥም ይጋገራል። ለጎረቤት እየመጣ የእናንተ ብቻ ከቀጠነ ጉዳዩ የጥገና ነው፤ ምክር ቤት ድረስ የሚያስኬድ አይደለም። በዚህ ምክንያት ደብዳቤ ይዘው ሄደው ባዶ እጃቸውን የሚመለሱ ጥቂት አይደሉም።

ጥያቄ (ከገንደ ቆሬ፣ ድሬዳዋ)፦ ስለ ፍሳሽ ቦያችን ለምክር ቤቱ ሦስት ጊዜ ጻፍን፤ ከሰማንያ በላይ ሰው ፈርሞበታል። መልስ የሚባል ነገር የለም። ደብዳቤ ማንበብ አቁመዋል?

መልስ፦ የደብዳቤዎቹ ገቢ ቁጥር ስንት ነው? መመለስ ካልቻላችሁ ችግሩ የተገኘ ይመስለናል። ኮሪደር ላይ ለተገኘ ሠራተኛ ወይም ለተመራጩ በእጅ የተሰጠ ወረቀት፣ በመንግሥት ቤት አነጋገር፣ ገና አልደረሰም።

ደብዳቤ የሚደርሰው መዝገብ ቤት ሲገባ ነው። ቢያንስ ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ አንዱን ትቀበላለች፤ በሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ጽፋ ማኅተም ታሳርፋለች። ያ ቅጂ ከእጃችሁ እንዳይወጣ፤ ከዚያ ወዲህ የምትጠይቁት በቁጥሩ ነው። ደብዳቤው ወደ ኃላፊው ገብቶ ጠርዙ ላይ በእስክሪብቶ ወደሚመለከተው ክፍል ይመራል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ «ምን ደረሰ?» አትበሉ፤ «ቁጥር ይህ፣ ቀን ይህ፣ ወደ ማን ተመራ?» በሉ። የመጀመሪያውን ጥያቄ «እየታየ ነው» በሚል መሸኘት ይቻላል፤ ሁለተኛው መዝገብ ያስገልጣል። ከተቻለ በጠዋት ሂዱ፤ ከምሳ በኋላ በድሬ ሙቀት መዝገብ የሚያገላብጥ ሰው ማግኘት ዕድል ይጠይቃል።

ስለ ደብዳቤው ራሱ። ከአንድ ገጽ አይለፍ። «ጉዳዩ፦» በሚለው መስመር አንድ ነገር ብቻ ይጠየቅ። ቦዩን፣ የመንገድ መብራቱንና የወጣቶቹን ሥራ አጥነት አንድ ላይ ያጨቀ ደብዳቤ ሦስት ቢሮ ስለሚመለከት ከሦስቱም ደጅ ያድራል። ቦታው በቤት ቁጥር ይገለጽ፤ «ከመስጊዱ ጀርባ» ለእናንተ ግልጽ ነው፣ ለመሐንዲሱ ግን አይደለም። የተደፈነው ርዝመት በእርምጃም ቢሆን ተለክቶ ይጻፍ። መጨረሻ ላይ የምትፈልጉት ነገር በግልጽ ይነገር፦ ይጠረግ፣ ይሰፋ፣ ወይስ ክዳን ይደረግለት? «መፍትሔ ይሰጠን» ምንም አይጠይቅም።

ፊርማውም ብዙ ጊዜ የሚበላሽ ነገር ነው። ባዶ ወረቀት ላይ የተሰበሰበ ፊርማ ለምን እንደተፈረመ አያሳይም፤ ስለዚህ በየገጹ አናት ላይ ጉዳዩ ይጻፍ፣ ገጹም «1/4፣ 2/4» እየተባለ ይቆጠር። በየስሙ አጠገብ የቤት ቁጥር ይግባ። በአንድ ሰው እጅ የተሞላ ዝርዝር ከእውነተኞቹ ጋር ሐሰተኛ ያስመስላችኋል። መጻፍ የማይችሉ አዛውንት በአውራ ጣት ይፈርሙ፤ ስማቸውን የጻፈው ሰው ምስክርነቱን ከጎኑ ያስፍር። ከፈራሚዎቹ ሦስት ተወካዮች ምረጡና ስልካቸው ደብዳቤው ላይ ይጠቀስ፤ ካልሆነ መልስ ቢኖርም የሚጠራው ሰው የለም።

ድሬ ላይ ሁሉም ሰው «አንተ» ነው፤ ከንቲባም ቢሆን ሻይ ቤት ውስጥ «አንተ» ሊባል ይችላል። ደብዳቤ ላይ ግን «ክቡር» ብላችሁ ጀምሩ። ወጪ የለውም።

ጥያቄ (ከዚያው ሰፈር)፦ መልሳችሁ ጥሩ፤ ግን በየዓመቱ «በጀት የለም» ነው የምንባለው። መቼ ብንጠይቅ ነው በጀት የሚኖረው?

መልስ፦ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። ቢሮዎች ለመጪው ዓመት ዕቅዳቸውን የሚያዘጋጁት ግን በበጋው ነው። አዲስ ቦይ፣ ኮብልስቶን ወይም የቧንቧ መስመር የሚፈልግ ሰፈር ጥያቄውን በታኅሣሥና በጥር ቢያስገባ ጊዜውን ያገኛል። በግንቦት የገባ ጥያቄ ሰነዱ ተዘጋጅቶ ካለቀ በኋላ ይደርሳል፤ በመስከረም የገባው ደግሞ ገንዘቡ ተደልድሎ ካለቀ በኋላ። «በጀት የለም» ያላችሁ ሰው ምናልባት አልዋሸም።

የተደፈነ ቦይን መጥረግ ግን የጥገና ሥራ ነው፤ አዲስ ፕሮጀክት አይደለም። ለእሱ የሚጠየቀው ከክረምቱ በፊት ነው። በድሬ ደግሞ «ከዝናቡ በፊት» ሲባል የከተማውን ሰማይ እያዩ መሆን የለበትም፤ የደቻቱን ወንዝ የሚሞላው በደጋው፣ በደንገጎ በኩል የሚጥለው ዝናብ ነው። የ1998ቱን ጎርፍ ያየ ሰው ይህን አይስተውም። የበልጉንም ዝናብ አትርሱ፤ ለየካቲት መጨረሻ የደረሰ ጥያቄ ጊዜውን የጠበቀ ነው።

የፓርላማ ተወካዮችን በአካል ለማግኘት ደግሞ የምክር ቤቱን ዓመት ማወቅ ይበጃል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 መሠረት ጉባኤው ከመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ይቆያል፤ በመካከሉ የአንድ ወር ዕረፍት አለው። ከሐምሌ እስከ መስከረም አጋማሽ፣ እንዲሁም በመካከሉ ዕረፍት፣ ወደ ምርጫ ክልላቸው ይወጣሉ። በቀሪው ጊዜ ጽሑፉ ለምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት፣ ግልባጩም ጉዳዩ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይላክ፤ መሥሪያ ቤቱን ጠርቶ የሚጠይቀው ኮሚቴው ነውና።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ)፦ በውርስ ቤት ጉዳይ ከዘመድ ጋር ፍርድ ቤት ነን። ተመራጫችን ዳኛውን ሊያነጋግርልን ይችላል?

መልስ፦ አይችልም፤ ቢችልም አይገባውም። ዳኞች ከማንኛውም ተጽዕኖ ነፃ መሆናቸውን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 79 ደንግጓል። ፍርዱ ቅር ካሰኛችሁ ይግባኝ አለ፤ የዳኛው ሥነ ምግባር ከሆነ ቅር ያሰኛችሁ አቤቱታው ለዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ነው። «ዳኛውን አነጋግርልሃለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ተመራጭም ቢሆን፣ ብር ሳይጠይቃችሁ ራቁት።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ)፦ ሐረሪ ነኝ፤ ግን የምኖረው ድሬ ነው። ለሐረር ምክር ቤትም ድምፅ ሰጥቻለሁ። ታዲያ ተመራጬ የትኛው ነው?

መልስ፦ ጉዳዩ ይወስናል። የሐረሪ ክልል ምክር ቤት 36 አባላት አሉት። 22ቱ የሕዝብ ተወካዮች ጉባኤ ሲሆኑ የክልሉን ነዋሪ ይወክላሉ። 14ቱ ደግሞ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ናቸው፤ እነሱን የሚመርጠው ከክልሉ ውጭ ያለውን ጨምሮ የሐረሪ ሕዝብ ነው። ድሬ ተቀምጠው ለሐረር ድምፅ የሰጡት በዚህ መንገድ ነው። ስለ ቋንቋው፣ ስለ ባህሉ፣ ስለ ጁገል ቅርስ የሚሉት ካለ ወደ ብሔራዊ ጉባኤው ይውሰዱ። የድሬው ቤትዎ ደጃፍ ላይ ቆሻሻ ካልተነሣ ግን እነሱ ምንም ሊያደርጉ አይችሉም፤ የድሬዳዋ ምክር ቤት ነው።

ሐረር ለሚኖሩ ጠያቂዎቻችን ደግሞ፦ የክልሉ የሥራ ቋንቋዎች ሐረሪና አፋን ኦሮሞ ናቸው። ከሁለቱ በአንዱ የተጻፈ ማመልከቻ ለትርጉም ሳይቆም ያልፋል፤ ለፌዴራሉ ምክር ቤት ግን በአማርኛ ይሁን።

ጥያቄ (ከሐረር፣ ሸዋ በር አካባቢ)፦ ተመራጩም ጻፈልን፣ መሥሪያ ቤቱም ዝም አለ። ከዚህ በላይ ወዴት ይኬዳል?

መልስ፦ ተመራጭ ይጠይቃል እንጂ አያዝም፤ ዝም የተባለ ተመራጭ አዲስ ነገር አይደለም። ቀጣዩ በር በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው፤ ድሬዳዋ ላይ ቅርንጫፍ አለው። አገልግሎቱ በነፃ ነው፤ አቤቱታ በቃልም በጽሑፍም ይቀበላል። ማኅተም ያረፈባቸውን ቅጂዎቻችሁን በቀን ተራ አያይዙ፤ ያ ያልነው ገቢ ቁጥር እዚህም ይጠቅማችኋል። ተቋሙ ፍርድ ቤት የተያዘን ጉዳይና ምክር ቤቶች በሕግ አውጪነታቸው የወሰኑትን አያይም።

«መረጃ ለማንም አንሰጥም» ከተባላችሁ ግን ሌላ መንገድ አለ። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ መጠየቅ ይችላል፤ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ለምሳሌ ለሰፈራችሁ መንገድ ስንት ብር ተመድቦ ስንቱ እንደወጣ መጠየቅ ትችላላችሁ። ለሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ በጽሑፍ አስገቡና ገቢ ቁጥር ያዙ። ተመራጫችሁ ጥያቄ ሲያነሣ በእጁ ቁጥር ይኖረዋል፤ ኃላፊውን ወንበሩ ላይ የሚያንቀሳቅሰውም እሱ ነው።

ጥያቄ (ከሐረር)፦ ልጄ ትምህርት ቤት የልደት ምስክር ወረቀት ተጠየቀች። ለማፋጠን ተመራጫችንን ላስቸግር?

መልስ፦ አያስፈልግም፤ የሚሠራው የሚኖሩበት አካባቢ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ከዚያ ካለፈ «ለምን ዘገየ» የሚል ተጨማሪ ማስረጃ ይመጣል። ልጅዎ ምዝገባው ከጀመረበት ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. በፊት የተወለደች ከሆነ «ነባር» ተብላ ትመዘገባለች። የሆስፒታል የልደት ማስረጃ ወይም የክትባት ካርዷን፣ የወላጆችን መታወቂያ ዋናውንና ኮፒውን ይዘው ይሂዱ፤ የስሟ አጻጻፍ በሁሉም ላይ አንድ መሆኑን ደጃፉ ላይ ሳይሆን ቤት ውስጥ ያረጋግጡ። «ሐ» በአንዱ፣ «ሀ» በሌላው ሆኖ የተመለሰ ብዙ ነው።