«ሆዴ እህል አልቀበል አለ»፦ ስለ እርግዝና ማቅለሽለሽ የአንባብያን ጥያቄዎች

በዚህ ዕትም የጤና ዓምዳችን የመጀመሪያዎቹን የእርግዝና ወራት ማቅለሽለሽና ማስመለስ ይመለከታል። የጠያቂዎቹን ስም አላወጣንም፤ ደብዳቤዎቹንም አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ የ7 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ። ጠዋት ገና ከአልጋ ስነሳ ያጥወለውለኛል፤ የሚወጣው ግን ምግብ ሳይሆን ቢጫ መራራ ውሃ ነው። እራት የምበላው ማታ 2 ሰዓት ነው፤ ቁርስ ደግሞ በሥራ ምክንያት ጠዋት 4 ሰዓት ላይ እቀምሳለሁ። ከሰዓት በኋላ ምራቄ አፌን እየሞላ ያስቸግረኛል። ምን ላድርግ? (አዲስ አበባ)

መልስ፦ ቢጫው ውሃ ሐሞት ነው፤ ሆድዎ ውስጥ ሌላ የሚወጣ ነገር የለም ማለት ነው። ከእራት እስከ ቁርስ 14 ሰዓት ያህል ምንም ሳይቀምሱ ይቆያሉ። ባዶ ሆድ ደግሞ የማቅለሽለሽ ዋና አባባሽ ነው። ብዙዎች «ምግብ ስላስጠላኝ ልተወው» ይላሉ፤ በተዉት ቁጥር ይብስባቸዋል።

ማታ ሊተኙ ሲሉ አንድ የተቀቀለ እንቁላል ወይም ጥቂት ለውዝ ይብሉ። ራስጌዎ አጠገብ ደረቅ ነገር ያስቀምጡ፤ ዳቦ ቆሎ፣ ቂጣ ወይም ጣፋጭነት የሌለው ብስኩት ይሆናል። ጠዋት እንደነቁ፣ ከአልጋ ሳይወርዱ፣ ሁለት ሦስት ጉርሻ ያህሉን በደንብ አላምጠው ይዋጡ፤ ውሃ አይከተልበት። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጋደም ብለው ከቆዩ በኋላ መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ይነሱ። ዘለው ከተነሱ የበሉት ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ በየሁለት ሰዓቱ፣ ሳይርብዎ፣ በትንሹ ይብሉ። ቢሮ ይዞ ለመሄድ ከበሶ ጭብጦ የተሻለ ነገር ማግኘት ያስቸግራል፤ አይሸትም፣ አይፈስም፣ ማሞቅ አይፈልግም። የእንቁላል መጠን ያላቸው ሦስት ጭብጦዎች እስከ ምሳ ያደርሳሉ። ጨው ቆንጠር አድርጉበት፤ በርበሬና ቅቤ ግን ይቅርበት።

ፈሳሽ ከምግብ ጋር አንድ ላይ ከሆነ ሆድን ይወጥርና መልሶ ያስወጣል። ግማሽ ሰዓት ያህል ያራርቁት። በቀን 2 ሊትር ገደማ ያስፈልግዎታል፤ በአንድ ትንፋሽ መጨለጥ ሳይሆን ፉት ማለት ነው የሚያዋጣው። ለብዙዎች ለብ ያለ ውሃ አይስማማም፤ ቀዝቀዝ ያለና ሎሚ ጠብ የተደረገበት ይሻላል። ውሃ ብቻውን ካስጠላዎ በሶ ይበጥብጡ፦ አንድ ብርጭቆ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በሶ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር። መጀመሪያ በሶውን በጥቂት ውሃ ያርሱት፤ ውሃው ሁሉ በአንዴ ከገባ ይጓጉላል። ወፍራም አያድርጉት። ያደረውንም አይጠጡ።

የምራቁ መብዛት የማቅለሽለሹ ጓደኛ ነው እንጂ ለብቻው ጉዳት የለውም። መዋጡ ካስመለሰዎ ያለ ይሉኝታ ይትፉት፤ በተፉት ልክ ግን ይጠጡ።

መቼ ይለቀኛል ለሚለው፦ አብዛኛውን ጊዜ ከ4ኛው እስከ 6ኛው ሳምንት ይጀምራል፤ ከ8ኛው እስከ 10ኛው ድረስ ይበረታል፤ ከ12ኛው እስከ 16ኛው ባለው ጊዜ ይቀልላል። ጥቂት እናቶች ላይ ከ20ኛው ሳምንት ያልፋል። ስለዚህ የሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት ቢብሱብዎ አይደንግጡ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የ10 ሳምንት ነፍሰ ጡር ናት። ሽንኩርት ሲቁላላ ከቤት ወጥታ ትሄዳለች፤ ቡና ሲቆላም እንዲሁ። እናቴ «እኛ ስድስት ስንወልድ እንዲህ ያለ ቅንጦት አላየንም» ትላለች። እኔ መሃል ቤት ቀረሁ። (ሐዋሳ)

መልስ፦ ቅንጦት አይደለም። እርግዝና ሲጀምር ጂዲኤፍ15 የተባለ ሆርሞን ከጽንሱና ከእንግዴ ልጁ ወደ እናት ደም በብዛት ይገባል፤ ይህም አንጎል ውስጥ ማስመለስን የሚያዘውን ክፍል ይቀሰቅሳል። በ2023 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከእርግዝና በፊት ይህ ሆርሞን በደማቸው ዝቅ ብሎ የቆየ ሴቶች ጭማሪው እንደሚበረታባቸው አሳይቷል። እናትዎ ስድስት ወልደው ያላዩት ነገር በባለቤትዎ ላይ መታየቱ የጥንካሬና የስንፍና ጉዳይ አይደለም።

ከክርክሩ ይልቅ ወጥ ቤቱን ይያዙ። ቁሌቱን እርስዎ፣ እሷ ከቤት በወጣችበት ሰዓት፣ ለሳምንት የሚሆን አድርገው አቁላልተው በትናንሽ ዕቃ ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጡ፤ መስኮቱ እስከ ማታ ክፍት ይሁን። ቅቤ ማንጠርም እንዲሁ። ትኩስ ምግብ ሽታውን በእንፋሎቱ ይረጫል፤ የቀዘቀዘው አይረጭም። ስለዚህ የቲማቲም ፍትፍት፣ የድንች ሰላጣ፣ ቀዝቅዞ የሚበላ አልጫ ሽሮ ይሞክሩ። የእንጀራው መኮምጠጥ አንዳንዷን ያስጠላል፣ ሌላዋን ያድናል፤ የባለቤትዎን ፍላጎት መከተል ነው።

ቡናው በረንዳ ላይ ይቆላ። በተዘጋ ቤት ከሰል ማቀጣጠል ለማቅለሽለሽ ብቻ ሳይሆን ለጽንሱም መጥፎ ነው፤ እጣኑም ለጊዜው ይቅር። መጠጣቱ ካላስጠላት በቀን ከአንድ ሁለት ስኒ አይለፍ።

ጥያቄ፦ ከጤና ጣቢያ የተሰጠኝን አይረን ስወስድ ወዲያው ስለሚያስመልሰኝ ተውኩት። ልጄን ይጎዳብኝ ይሆን? የ9 ሳምንት ነኝ። (ደሴ)

መልስ፦ ክኒኑ ብዙውን ጊዜ 60 ሚሊ ግራም ብረትና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ በአንድ ላይ የያዘ ነው። ሆድ የሚረብሸው ብረቱ ነው። ለጽንሱ አንጎልና አከርካሪ በእነዚህ ሳምንታት የሚፈለገው ደግሞ ፎሊክ አሲዱ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም በአንዴ መተው አይገባም።

መጀመሪያ ሰዓቱን ይለውጡ፤ በባዶ ሆድ ጠዋት መሆኑ ቀርቶ ማታ ሊተኙ ሲሉ፣ ከጥቂት ምግብና ከብርቱካን ጋር ይውሰዱት። ሻይ፣ ቡናና ወተት ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚይዙት ቢያንስ አንድ ሰዓት ያራርቁ። ይህም ካልሆነ አዋላጇን ፎሊክ አሲድ ብቻውን እስከ 12ኛው ሳምንት፣ ወይም ክኒኑን በየሁለት ቀኑ ስለመውሰድ ይጠይቁ። ሄሞግሎቢንዎ ከ11 በታች ከሆነ ግን በራስዎ አያቋርጡ። አፈር ወይም ገል የመብላት አምሮት ካለብዎም ሳያፍሩ ይንገሯቸው፤ የብረት እጥረት ምልክት ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ አንዷ ጎረቤቴ ዝንጅብል፣ ሌላዋ ጤና አዳም ትለኛለች። ፋርማሲ ስሄድ ደግሞ ያለ ሐኪም ወረቀት ክኒን ሰጡኝ። የትኛውን ልመን? (ጎንደር)

መልስ፦ የመጀመሪያዋን ጎረቤትዎን። አንድ የሻይ ማንኪያ ተፍቆ የደቀቀ እርጥብ ዝንጅብል በብርጭቆ የፈላ ውሃ ውስጥ ጨምረው 10 ደቂቃ ከድነው ያቆዩ፤ አጥልለው፣ ቀዝቀዝ ሲል ፉት ይበሉ። በቀን ሦስት ጊዜ ይበቃል። የደረቀ ዱቄት ከሆነ በቀን ከ1 ግራም፣ ማለትም ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ገደማ፣ አይለፍ። ከበዛ ቃር ያመጣል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሐኪምዎን ሳይጠይቁ አይጀምሩ።

ጤና አዳም ማህፀንን ሊያነሳሳ ስለሚችል ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ ቡና ላይ ጣል የምትደረገዋም ትቅር። ፌጦንም እንዲሁ ይተዉት።

ስለ ክኒኑ ስሙን ስላልጻፉልን በደፈናው እንመልሳለን። አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚሞከረው ቫይታሚን ቢ6 ነው፤ ከ10 እስከ 25 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ። እዚህ ላይ ስህተት ይበዛል፦ «የነርቭ ቫይታሚን» እየተባሉ የሚሸጡት ጥምር ክኒኖች በአንዱ ፍሬ 100 ወይም 200 ሚሊ ግራም ቢ6 ሊይዙ ይችላሉ፤ ለዚህ የሚሆኑ አይደሉም። ጀርባውን ያንብቡ። ቢ6 ብቻውን ካልበቃ ሐኪም እንደ ሜክሊዚን ወይም ፕሮሜታዚን ያለ ያክልበታል፤ ሁለቱም እንቅልፍ ያመጣሉ። ፕላሲል (ሜቶክሎፕራማይድ) ከ5 ቀን በላይ አይወሰድም፤ አንገት ወይም መንጋጋ ከጠመዘዘ፣ ዓይን ወደ ላይ ከተሰቀለ ወዲያው አቁሞ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

ያለ ማዘዣ አይሁን የምንለው ለወግ አይደለም። በ1957 እ.ኤ.አ. ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ለገበያ የቀረበው ታሊዶማይድ ለነፍሰ ጡሮች ማቅለሽለሽም ይሰጥ ነበር፤ በ1961 መጨረሻ እስኪታገድ ድረስ በበርካታ አገሮች እጅና እግራቸው ያልተሟላ ከ10,000 በላይ ሕፃናት ተወልደዋል።

ጥያቄ፦ ካስመለስኩ በኋላ ወዲያው ጥርሴን እቦርሻለሁ። አሁን ቀዝቃዛ ሲነካው ይጠዘጥዘኛል። (አዳማ)

መልስ፦ የሆድ አሲድ የጥርሱን ገጽ አለስልሶታል፤ ቡርሹ ደግሞ ይሞርደዋል። ካስመለሱ በኋላ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ (ቤኪንግ ፓውደር አይደለም) በብርጭቆ ውሃ በጥብጠው ይጉመጥመጡና ይትፉ። ለመቦረሽ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይታገሱ።

ጥያቄ፦ የ3 ወር ነፍሰ ጡር ሆኜ ጾሙን ሳልፈታ እስከ 9 ሰዓት መቆየት እችላለሁ? (ደብረ ብርሃን)

መልስ፦ የሚያስመልስዎ ከሆነ ሰዓት መቆየቱን አንመክርም፤ ምክንያቱን ከላይ ለመጀመሪያዋ ጠያቂ ጽፈናል። ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ፤ ለነፍሰ ጡር የሚያቀልሉበት ልማድ አለ። ፍስኩን ትተው የጾም ምግቡን ከጠዋት ጀምሮ በየሁለት ሰዓቱ መብላት አንድ መንገድ ነው። ሙስሊም እናቶችም ለራሳቸው ወይም ለጽንሱ ከሰጉ የረመዳንን ጾም አፍጥረው በኋላ እንዲያወጡ ይፈቀድላቸዋል።

ጥያቄ፦ የ11 ሳምንት ነኝ። በቀን 8 ወይም 10 ጊዜ ያስመልሰኛል፤ ውሃም አይረጋልኝም። ከእርግዝናው በፊት 58 ኪሎ ነበርኩ፤ አሁን 54 ሆኛለሁ። ሰፈር ያለ ክሊኒክ ሄጄ ግሉኮስ ልሰካ? (ጅማ)

መልስ፦ ይህ የተለመደው ማቅለሽለሽ አይደለም። የቀነሱት 4 ኪሎ ከክብደትዎ 7 በመቶ ገደማ ነው፤ 5 በመቶ ሲደርስ ሆስፒታል መታየት አለበት። ዛሬውኑ ይሂዱ።

ግሉኮሱን በተመለከተ ቆም ብለን እናስረዳ። ለሳምንታት ያስመለሰች እናት ሰውነቷ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ቢ1 (ታያሚን) ይሟጠጣል። በዚህ ላይ ግሉኮስ ሲገባ ሰውነት ስኳሩን ለማቃጠል የቀረችውን ቢ1 ይጨርሳታል፤ ውጤቱ ዓይን መርገብገብ፣ ሲራመዱ መንገዳገድና ግራ መጋባት የሚታይበት ከባድ የአንጎል ጉዳት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ ቢ1 ይሰጣል፤ የሚሰካውም ስኳር የሌለበት የጨው ፈሳሽ፣ ማለትም ኖርማል ሳላይን ወይም ሪንገር ነው፤ ፖታሲየም ተለክቶ ካነሰ ይጨመራል። ሽንት ለኪቶን (ሰውነት ምግብ አጥቶ ስብ ሲያቃጥል የሚወጣ ነገር) እና ለኢንፌክሽን ይመረመራል። መንታ ወይም ያልተስተካከለ የእንግዴ ልጅ ዕድገት ማስመለሱን ስለሚያብስ አልትራሳውንድም ያስፈልጋል።

ሌሎች አንባብያንም ይህን ይያዙ፦ ለ24 ሰዓት ምንም ፈሳሽ ካልረጋ፣ ለ8 ሰዓት ሽንት ካልመጣ ወይም እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ ትውከቱ ደም ካለው፣ ሲቆሙ ካዞረ፣ ትኩሳት ወይም የሆድ ቁርጠት ካለ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። ትኩሳት ካለ ወባና ታይፎይድ መታሰብ አለባቸው። ማስመለሱ ከ10ኛው ሳምንት በኋላ አዲስ የጀመረ ከሆነ መንስኤው ሌላ ሊሆን ይችላል። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ከራስ ምታት፣ ከዓይን ብዥታ ወይም ከእንብርት በላይ ከሚሰማ ሕመም ጋር ከመጣ ደግሞ የደም ግፊት በአስቸኳይ ይለካ።

እስኪደርሱ ድረስ አንድ ፓኬት ኦአርኤስ በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ በጥብጠው አንድ የሾርባ ማንኪያ በየ5 ደቂቃው ይውሰዱ፤ በሰዓት አንድ ብርጭቆ አይሞላም፣ ግን የመርጋት ዕድሉ የተሻለ ነው። ቢያስመልስዎ 10 ደቂቃ ጠብቀው ይቀጥሉ። ካርድ ክፍል ወረፋ እንዳይዝዎ ገና ሲገቡ ሦስት ነገር ይናገሩ፦ በፊት 58 ኪሎ እንደነበሩ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የሸኑበትን ሰዓት፣ እና እስካሁን የወሰዱትን ክኒን ሁሉ።