ናሙናና አድልዎን ለ9ኛ ክፍል ከየት ልጀምር ላሉት መምህር

መምህር፣ ጥያቄዎን ሳነብ የመጀመሪያ ዓመታቴ ትዝ አሉኝ። 60 ተማሪ አለኝ፣ ኮምፒውተር የለም፣ ልጆቹ የናሙናን (ስለ ሁሉም ለማወቅ ተመርጠው የሚጠየቁ ጥቂቶችን) እና የአድልዎን ትርጉም ለፈተና ሸምድደው በሳምንቱ ይረሱታል፤ ከየት ልጀምር ነው ያሉት። ሒሳብ ሳስተምር 14 ዓመቴ ነው። እኔ የምልዎት ትርጉሙን ለመጨረሻ ያቆዩት። መጀመሪያ ልጆቹ ራሳቸው የተዛባ መረጃ ሰብስበው ይምጡ።

የምጠቀመው ጥያቄ ቀላል ነው። «የትምህርት ቤታችን ተማሪ ከቤቱ እዚህ ለመድረስ ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል?» አምስት ልጆች ጠዋት ከሰልፍ በፊት በር ላይ ቆመው የገባውን ሁሉ ይጠይቃሉ። ሌሎች አምስት ልጆች ከየክፍሉ ስም መጥሪያ በዕጣ ያወጣሉ፤ ዕጣ የወጣለትን ልጅ የትም ይሁን ፈልገው ይጠይቁታል። ዕጣው ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ነው። ተራ ቁጥር ተጽፎበት፣ ተጠቅልሎ ኮፍያ ውስጥ ይገባል። በቃ።

መጀመሪያ ያሠራሁ ዓመት ሁለቱ ቡድኖች አማካያቸውን ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ አልገጠመም። የበሩ ቡድን ቁጥር በጣም ያነሰ ነበር። «እናንተ ደምራችሁ ተሳስታችሁ ነው» ተባባሉ። እንደገና ደመሩ፤ ያው ነው። ከዚያ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። ቤቷ ሩቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ የምትደርሰው ሰልፉ ካለቀ በኋላ ነው። «እኔንኮ ማንም አልጠየቀኝም» አለች። ክፍሉ ጭጭ አለ። «አድልዎ» የሚለውን ቃል ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ቃሉ ላይ ትንሽ ቆም ይበሉ። ልጆች አድልዎ ሲሰሙ ትዝ የሚላቸው ለዘመዱ ማርክ የሚጨምር መምህር ነው። የበሩ ልጆች ግን ለማንም አላደሉም፤ በቅንነት ነው የሠሩት። ያደላው የቆሙበት ቦታና ሰዓቱ ነው። ይህ ካልገባቸው ቀሪው ሁሉ ሽምደዳ ይሆናል።

«ታዲያ ብዙ ሰው ብንጠይቅስ?» የሚል ልጅ አይጠፋም። ያኔ እ.ኤ.አ. የ1936ቱን የአሜሪካ ምርጫ እነግራቸዋለሁ። ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለ መጽሔት 10 ሚሊዮን ለሚሆኑ ሰዎች መጠይቅ ላከ። ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ መጣለት። ከሁለቱ ዋና ተፎካካሪዎች ላንደን ያሸንፋል አለ፤ ሌላው ተፎካካሪ ሩዝቬልት ግን ያኔ ከነበሩት 48 ግዛቶች 46ቱን ወሰደ። አድራሻው በብዛት የተገኘው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ምዝገባ ነበር። በዚያ የኑሮ ውድቀት ዘመን ስልክና መኪና የማን እንደነበር ልጆቹ ራሳቸው ይነግሩዎታል። መጠይቁን ሞልቶ የመለሰውም ከላኩላቸው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው። የሕዝብ አስተያየት አጥኚው ጆርጅ ጋሉፕ ግን በጣም አነስተኛ በሆነ ናሙና አሸናፊውን አውቋል።

ይህን ከወጥ ጋር አያይዤ አሳያቸዋለሁ። ጨው መመጠኑን ለማወቅ ድስቱን አንጨርስም። አማስለን፣ ጠብታ መዳፋችን ላይ አድርገን እንቀምሳለን። ሳይማሰል ከላይ ከላይ ከተቀመሰ ግን ጭልፋ ሙሉ ቢቀምሱም ዘይቱን ነው የሚያገኙት። ዕጣው ማማሰያው ነው። የአገራችንን ምሳሌ ከፈለጉ በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አለ። ከ1999ኙ ቆጠራ ከተዘጋጀው ዝርዝር 645 የቆጠራ ቦታዎች ተመረጡ፤ ከዚያም ከየቦታው 28 ቤተሰብ። ከተማና ገጠር ለየብቻ ለምን እንደተመረጡ ይጠይቋቸው፤ ጥሩ ክርክር ይወጣዋል።

ሌላ እንዳይረሱት የምፈልገው የአጠያየቅ ነገር ነው። «ትናንት ማታ ምንም ያላጠና እጁን ያውጣ» ብዬ ስጠይቅ አንድም እጅ አይወጣም። ያንኑ ጥያቄ ስም በሌለው ብጣሽ ወረቀት ስጠይቅ «ዜሮ» የሚል ወረቀት ይከመራል። ልጆቹ ውሸታሞች አይደሉም። መምህራቸው ፊት ለፊት ቆሞ ነው የጠየቃቸው፤ ምን ይበሉ? ወረቀቱን ሲሰበስቡ የእጅ ጽሑፍ ለመለየት አይሞክሩ። ካወቁብዎት ዳግመኛ እውነቱን አይጽፉልዎትም።

ሪፖርት ሲጽፉ አንድ ጥያቄ የግድ አደርጋለሁ፦ «ማን ሳይጠየቅ ቀረ?» ከ10 ማርክ 3ቱ የዚህ ነው። አምና አንዱ ልጅ «በመስከረም አብረውን ተመዝግበው ያቋረጡት» ብሎ ጻፈ። እኔ ዕጣ ያስወጣኋቸው የእነዚያ ልጆች ስም ከተሰረዘበት መጥሪያ ላይ ነበር። ረጅም መንገድ ሰልችቷቸው የቀሩ በመካከላቸው ሊኖሩ እንደሚችሉ አላሰብኩም። ዘንድሮ ዕጣውን የምናወጣው ከመስከረሙ መዝገብ ነው። ላቋረጡት ደግሞ ሰፈራቸውን የሚያውቅ ልጅ ሄዶ ይጠይቃል።