መልስ፦ የጀማሪዎች የዎርድፕረስ ትምህርት ከምን ይጀምር?
ጤና ይስጥልኝ። ድረ ገጽ መሥሪያ ስለሆነው ዎርድፕረስ የሚያዘጋጁትን ተከታታይ ትምህርት ከአጫጫን ልጀምር ወይስ ከጽሑፍ ዝግጅት ብለው ለጠየቁት፣ ጽሑፉ እንዲቀድም አጥብቄ እመክራለሁ። ተማሪው ስለ ሰርቨርና ስለ ዳታቤዝ ከመስማቱ በፊት፣ እርስዎ አስቀድመው በጫኑለት የመለማመጃ ድረ ገጽ ላይ አንድ አንቀጽ ጽፎና ፎቶ ጨምሮ ሲታተም በዓይኑ ቢያይ፣ የቀረውን ለመማር ትዕግሥት ያገኛል። ቀጥሎ በፖስትና በፔጅ መካከል ያለውን ልዩነት ሰፋ አድርገው ያስረዱ፤ ብዙ ጀማሪ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነውና። ፖስት በታተመበት ቀን የሚደረደርና በምድብ የሚከፋፈል ሲሆን፣ ፔጅ ግን እንደ «ስለ እኛ» ላለ ቋሚ ይዘት የሚያገለግል ነው። ማሳያዎቹን በ2018 እ.ኤ.አ. ከዎርድፕረስ ስሪት 5.0 ጋር በመጣው የብሎክ ኤዲተር (አንቀጹንም ፎቶውንም ለየብቻ ክፍል አድርጎ በሚያዘጋጀው መጻፊያ) ያዘጋጁ። የድረ ገጹን መልክ ለሚወስነው ቴም አንድ ክፍል ይበቃል፤ የባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) አወሳሰድን ግን ከፕለጊን (ተጨማሪ አገልግሎት ከሚሰጥ ቅጥያ) ትምህርት በፊት ያስቀድሙልኝ።