ፂማሙ ሽማግሌ ማነው? እና ሌሎች ጥያቄዎች

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ ሳይነጋገሩ ተገጣጥመዋል። ሦስቱም ስለ ቤንጋሊዎች ናቸው፤ ማለትም ስለ ባንግላዴሽና ስለ ሕንዷ ምዕራብ ቤንጋል ሰዎች። በምዕራብ ቤንጋሏ ዋና ከተማ በኮልካታ ተማሪ ሆኜ ስለኖርኩ ደብዳቤዎቹ ወደ እኔ ተመሩ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ዓመት ስጠቅስ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ «ሰላም ለእናንተ ይሁን። ኩዌት ሰው ቤት ነው የምሠራው። ከአንዲት የባንግላዴሽ ልጅ ጋር አንድ ክፍል እናድራለን። ሙስሊም ናት፣ ሶላቷን አታጓድልም። ሚያዝያ 30 ማታ፣ ነገ ግንቦት ልደታ ነው ብዬ ለንፍሮ ባቄላ ስዘፈዝፍ፣ እሷ ስልኳን ግድግዳ አስደግፋ የአንድ ነጭ ፂም ያለው ሽማግሌ ፎቶ ከፈተች። ከግቢ የቀጠፈቻትን አበባ ፊቱ አስቀምጣ ቀስ ብላ ዘፈነች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። በተሰባበረው አረብኛዬ ‹ይሄ አምላክሽ ነው እንዴ? ሙስሊም አይደለሽም?› አልኳት። ፊቷ ጠቆረ። ግንቦት 17 ደግሞ የሌላ ሰውዬ ፎቶ አደረገች፤ ፀጉሩ ትከሻው ላይ የወረደ፣ ዓይኑ ትልልቅ። ያኔ ምንም አልጠየቅኳትም። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ ብቻ ነን። ሰዎቹ እነማን ናቸው? ምን ብዬስ ልታረቃት?» እህታችሁ ከኩዌት

መልስ፦ እህቴ፣ ቀኖቹን ባትጽፊልኝ ኖሮ እንዲህ እርግጠኛ አልሆንም ነበር። ሽማግሌው ራቢንድራናት ታጎር ነው፣ ገጣሚው። ቤንጋሊዎች እንደ እኛው የራሳቸው ዘመን አቆጣጠር አላቸው። የመጀመሪያው ወራቸው ቦይሻክ ይባላል፤ ታጎር የተወለደው ቦይሻክ 25 ነው፣ 1861፣ ኮልካታ። ባንግላዴሽ ውስጥ ያ ቀን ሁልጊዜ ሜይ 8 ላይ ይውላል፣ በእኛ ሚያዝያ 30። እንግዲህ አንቺ ለእመቤታችን ልደት ባቄላ ስትዘፈዝፊ እሷም ልደት እያከበረች ነበር። አምልኮ አይደለም። ሰው ነው፣ ሰው መሆኑንም ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

ሙስሊም ሆና ሙስሊም ላልነበረ ሰው ለምን ታለቅሳለች ላልሽው፣ ነገሩ ረጅም ታሪክ አለው። እንግሊዞች በ1905 ቤንጋልን ለሁለት ከፈሏት፤ ምሥራቁ አብዛኛው ሙስሊም፣ ምዕራቡ አብዛኛው ሂንዱ። ታጎር ይህን በመቃወም ሕዝቡ ሃይማኖት ሳይለይ አንዱ የሌላውን እጅ በክር እንዲያስር ጠራ፣ ወንድማማች ነን ለማለት። ያኔ ከጻፋቸው ዘፈኖች አንዱ ዛሬ የባንግላዴሽ ብሔራዊ መዝሙር ነው። ዜማውን የወሰደው ጋጋን ሃርካራ ከሚባል የገጠር ፖስተኛ ዘፈን ነው፣ ይሄ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። የሕንድም መዝሙር የእሱ ግጥም ነው። በ1913 የኖቤል ሥነ ጽሑፍ ሽልማት ሲያገኝ ከአውሮፓ ውጭ የመጀመሪያው ሰው ነበር።

ከሁሉም በላይ ግን ይሄን እወቂ። ባንግላዴሽ ምሥራቅ ፓኪስታን በነበረችበት ጊዜ መንግሥት ታጎርን አልወደደውም። በ1961 መቶኛ ዓመት ልደቱን ለማክበር የተነሱትን ሊያስተዋቸው ሞከረ፤ በ1967 ዘፈኖቹ በመንግሥት ሬዲዮ እንዳይተላለፉ ተወሰነ። ዳካ ውስጥ ያሉ ሙስሊም ምሁራን፣ ዘፋኞች፣ ተማሪዎች «የእኛ ነው» ብለው ተከራከሩ፣ ዘፈኑንም ቀጠሉ። ስለዚህ የክፍል ጓደኛሽ ያንን ዘፈን ስታንጎራጉር አያቶቿ የተጋፈጡለትን ነገር ነው በአፏ የያዘችው። «ሙስሊም አይደለሽም?» የሚለው ጥያቄ ያኔም ለእነሱ ይቀርብላቸው ነበር። ፊቷ የጠቆረው ለዚህ ይመስለኛል፤ አንቺ በክፋት እንዳልሆነ ግን ይገባኛል።

ባለ ረጅም ፀጉሩ ካዚ ናዝሩል ኢስላም ነው፣ የባንግላዴሽ ብሔራዊ ገጣሚ። ግንቦት 17 በእነሱ ጆይሽቶ 11 ነው፣ የልደቱ ቀን። የተወለደው በ1899 ነው። ዓመፀኛው ገጣሚ ይሉታል። እንግሊዞች በጻፈው ነገር አሰሩት፤ እስር ቤት ውስጥ ምግብ አልበላም ብሎ ሳምንታት ቆየ፣ ታጎር ራሱ አቁም ብሎ ቴሌግራም ላከለት። ሙስሊም ነው፤ ለነቢዩም ዘፍኗል፣ ለሂንዱዎቹ እናት ለካሊም ዘፍኗል፤ ሁለቱንም ዛሬ ድረስ ሰው ይዘፍናቸዋል። የኢድ ጨረቃ የታየች ማታ ጓደኛሽን ልብ ብለሽ ስሚያት፣ የምታንጎራጉረው ዘፈን የእሱ የመሆኑ ነገር አይቀርም። በ1942 ታመመና አንደበቱ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ 34 ዓመት ሙሉ ሳይናገር ኖረ። ያን ሁሉ ቃል የደረደረ ሰው! ባንግላዴሽ ነፃ ከወጣች በኋላ በ1972 ዳካ አመጡት፤ በ1976 ሲያርፍ ዩኒቨርሲቲው መስጊድ አጠገብ ቀበሩት። መስጊድ አጠገብ ቅበሩኝ ብሎ ቀድሞ ዘፍኖ ነበርና።

አንድ ያየሁትን ልንገርሽ። ኮልካታ ቤት ያከራዩኝ እናት ከቦይሻክ 25 በፊት ባለው ማታ የታጎርን ፎቶ ከግድግዳ ያወርዱና በእርጥብ ጨርቅ መስተዋቱን ይወለውሉታል። ጠዋት የሰንደል እንጨት ድንጋይ ላይ ፈጭተው በጣታቸው ጫፍ ግንባሩ ላይ ነጥብ ያደርጋሉ፣ ነጭ አበባ እንደ ሐብል ሰክተው ያጠልቁለታል። ከዚያ የሠፈሩ ሰው ይመጣል፣ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣል፣ አንድ ቁልፉ የማይሠራ ሃርሞኒየም ይከፈታል። አንድ ዓመት የሰባት ዓመት የልጅ ልጃቸው ግጥም በቃሉ ሊል ተነሳ፤ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ጠፋበት። ልጁ ማልቀስ ከመጀመሩ በፊት ክፍሉ በሙሉ፣ በር ላይ ቆሞ የነበረው ወተት አመላላሽ ሳይቀር፣ ስንኙን ተቀበለው። ማንም ወረቀት አልያዘም። እኔ ያኔ ነው የገባኝ፤ ለእነዚህ ሰዎች መታሰቢያ ማለት በቃል የያዙት ነገር ነው። ፎቶውና አበባው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ ይቅርታ ብቻ አትጠይቂያት። «ያን ዕለት የዘፈንሽውን ዝፈኚልኝ» በያት። ሐምሌ 30 ደግሞ ታጎር ያረፈበት ቀን ነው፣ በእነሱ ስራቦን 22። ያን ቀን ቡና አፍይላትና «ዛሬ የሽማግሌው ሙት ዓመት አይደለም?» በያት። ቀኑን ከአንቺ አፍ ስትሰማ የምትሆነውን ብታይልኝ ደስ ይለኛል፣ ጻፊልኝ።

ጥያቄ፦ «ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነው የምነዳው። አብረውኝ የሚሠሩት የባንግላዴሽ ልጆች ፌብሩዋሪ 20 ለሊት ‹አበባ ልናስቀምጥ ነው፣ ና› ይሉኛል። ዓመት በዓል ነው? ጫማም ይወለቃል አሉኝ። ሃይማኖት ይሆን ብዬ ፈራሁ።»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሂድ። ሃይማኖት አይደለም። በዓል ብትለው ግን ቅር ይላቸዋል፣ «እንኳን አደረሳችሁ» እንዳትል፤ የሐዘን ቀን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፓኪስታን ስትመሠረት መሪዎቹ ብሔራዊው ቋንቋ ኡርዱ ብቻ ይሁን አሉ፣ አብዛኛው ሕዝብ ግን የሚናገረው ቤንጋሊኛ ነበር። በ1952 ፌብሩዋሪ 21 የዳካ ተማሪዎች ሰልፍ ተከልክሎ ሳለ ወጡ፤ ፖሊስ ተኮሰ። ራፊክ፣ ባርካት፣ ጃባር፣ ሳላም፤ ስማቸውን የማያውቅ የባንግላዴሽ ልጅ አታገኝም። ከሁለት ቀን በኋላ ለሊት ተማሪዎች በእጃቸው ሐውልት ሠሩ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ፖሊስ አፈረሰው። አሁን ዳካ ያለው ሻሂድ ሚናር፣ የሰማዕታት ሐውልት፣ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው፤ መሀሉ ላይ ያለው ረጅሙ ዓምድ ጎንበስ ያለ ነው፣ በግራና በቀኙ ትንንሾቹ ቆመዋል። እናት ልጆቿን ይዛ ማለት ነው። ዩኔስኮ በ1999 ያንን ቀን የዓለም የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀን ያደረገው ከዚሁ ተነስቶ ነው።

ውጭ አገር ያሉት ያንኑ ሐውልት በእንጨት ሠርተው አዳራሽ ወይም መናፈሻ ውስጥ ያቆሙታል። እኩለ ሌሊት ሲሆን ተሰልፈው፣ ነጭና ጥቁር ለብሰው፣ አንዱን ዘፈን ደጋግመው እየዘፈኑ አበባ ያስቀምጣሉ። ወንድሞቼ በደም የነከሩትን ፌብሩዋሪ 21 ልረሳው እችላለሁ ወይ የሚል ነው። ጫማህን መድረኩ ላይ ከመውጣትህ በፊት አውልቅ፤ ቤተ ክርስቲያን ጫማ ማውለቅ ለለመደ ሰው ይሄ አይከብድም። አበባ ይዘህ ሂድ፣ ትንሽም ትሁን። ጥቁር ወይ ነጭ ልበስ። ከሰማንያ በላይ ቋንቋ ካለበት አገር ለመጣ ሰው ደግሞ፣ ሰው ስለ እናቱ ቋንቋ ምን ያህል እንደሚሄድ ለማየት የተሻለ ቦታ አላውቅም።

አንድ ነገር ላሳስብህ። ስለ ሼክ ሙጂብ ወሬ ራስህ አታንሳ። የነፃነቱ መሪ ነበሩ፣ በ1975 ኦገስት 15 ከአብዛኛው ቤተሰባቸው ጋር ተገደሉ። ያ ቀን የሐዘን ቀን ሆኖ ከሥራ ያሳርፍ ነበር፤ በ2024 የልጃቸው መንግሥት ሲወድቅ ተሰረዘ። በ2025 ቤታቸውም ፈረሰ። አብረውህ ከሚሠሩት አንዱ ስሙን ሲሰማ ያለቅሳል፣ ሌላው ይቆጣል። ፌብሩዋሪ 21 ላይ ግን ሁለቱም አንድ ሰልፍ ውስጥ ይቆማሉ።

ጥያቄ፦ «ጡረተኛ ነኝ። በ1950ዎቹ መጨረሻ በእኛ አቆጣጠር ሁለተኛ ደረጃ ስማር ሒሳብ ያስተማሩን ሕንዳዊ ከቤንጋል ነበሩ። ቤታቸው ሦስት ፎቶ ነበር፤ ፂም ያላቸው እግራቸውን አጣጥፈው የተቀመጡ ሰው፣ ፀጉራቸውን የለቀቁ ሴት፣ ጥምጥም ያደረጉ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያጣመሩ ወጣት። ደግሞ ‹የእናንተ ሰዎች እኛን ገዝተውናል› ይሉን ነበር። እውነት ነው?»

መልስ፦ ጋሼ፣ ስለ ጻፉልን እናመሰግናለን፤ የፎቶዎቹን አቀማመጥ እስካሁን ማስታወስዎ አስገርሞኛል። ሦስቱ ፎቶዎች ብዙ የቤንጋል ቤት ውስጥ አብረው ነው የሚሰቀሉት። የተቀመጡት ራማክሪሽና ናቸው (1836-1886)፣ ከኮልካታ በስተሰሜን ወንዝ ዳር ያለው የዳክሺኔሽዋር ቤተ መቅደስ ካህን የነበሩ። የእስልምናንና የክርስትናን መንገድም በራሳቸው ሞክረው ሁሉም ወደ አንድ ያደርሳል ብለው ያስተማሩ። ሴቷ ሚስታቸው ሳራዳ ዴቪ ናቸው፣ ሰው ሁሉ እናታችን ይላቸዋል። ወጣቱ ደቀ መዝሙራቸው ቪቬካናንዳ፤ በ1893 ቺካጎ በተደረገው የሃይማኖቶች ጉባኤ ተናግረው የታወቁት። በ39 ዓመታቸው ነው ያረፉት። ፎቶው የዚያው የቺካጎ ዘመን ነው።

ጃንዋሪ 12፣ የቪቬካናንዳ ልደት፣ ሕንድ ውስጥ የወጣቶች ቀን ነው። መነኮሳቱ ግን በጨረቃ አቆጣጠር ስለሚሄዱ ቤሉር የሚገኘው ገዳማቸው የሚያከብርበት ቀን ከዓመት ዓመት ይለያያል። እዚያ አንድ ጊዜ ሄጃለሁ። ሩዝና ምስር አንድ ላይ በትልልቅ ብረት ድስት ይቀቀላል፣ ሕዝቡ መሬት ላይ በረድፍ ይቀመጣል፣ ወጣት መነኮሳት በባልዲ እየያዙ ይጨልፉለታል። ማን ነህ፣ ምን ነህ የሚል የለም። ዝክር የበሉበትን ቀን ያስቡ ጋሼ፣ ያው ነው።

መምህርዎ የነገሯችሁም እውነት ነው። ለባርነትና ለወታደርነት ከእኛ አካባቢ ተወስደው ቤንጋል የደረሱ ሀብሺ የሚባሉ ሰዎች በሺዎች ነበሩ። የሱልጣኑ ቤተ መንግሥት ጠባቂዎች ሆኑ፣ በ1487 ሥልጣኑን ራሳቸው ያዙ። ስድስት ሰባት ዓመት ገደማ ገዙ፣ እርስ በርስም ተገዳደሉ። ከእነሱ በመልካም የሚነሳው ሰይፈዲን ፊሩዝ ሻህ ነው፣ ለድሃ እጁን የማይሰበስብ ነበር ይሉታል። በዚያው ዘመን፣ ሀብሾቹ ሥልጣን ከመያዛቸው ከአንድ ዓመት በፊት፣ ናባድዊፕ በምትባል ከተማ ቻይታንያ ተወለደ፤ የእግዚአብሔርን ስም በመንገድ ላይ እየዘመረ የሄደው፣ ቤንጋሊዎች ዛሬም በፋልጉን ወር ሙሉ ጨረቃ ቀን ከበሮ እየመቱ የሚዘክሩት።

ፊሩዝ ሻህ ያሠራው ግንብ ጋውር በምትባለው የድሮ ዋና ከተማ፣ ማልዳ አውራጃ፣ ዛሬም ቆሟል። ባለ አምስት ደርብ ነው፤ ታችኛዎቹ ሦስቱ አሥራ ሁለት ማዕዘን፣ ላይኛዎቹ ሁለቱ ክብ። ስሙም ፊሩዝ ሚናር ነው። የልጅ ልጆችዎ ስልካቸው ላይ አውጥተው ያሳይዎት።