ፎርድ ቲያትር ውስጥ ማን ምን አየ? ጥያቄና መልስ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 14 ቀን 1865፣ በስቅለት ምሽት ዋሽንግተን ውስጥ ስለተፈጸመው የአብርሃም ሊንከን ግድያ የላካችሁልኝን ጥያቄዎች እነሆ እመልሳለሁ። ምስክር ስመዝን አስቀድሜ የማየው የት ተቀምጦ እንደነበረና ቃሉን መቼ እንደሰጠ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ያ ሁሉ ሰው ባለበት ገዳዩ እንዴት ሳይታይ ገባ?

መልስ፦ ታይቷል እኮ! ጆን ዊልክስ ቡዝ ስመ ጥር ተዋናይ ነው፤ ፎቁ ላይ ሲያልፍ ማንም አልጠረጠረውም። ለፕሬዝዳንቱ አገልጋይ ወረቀት ሲያሳይ ያየው መኮንን እንኳ አለ። ሊንከን ተቀምጦበት ወደነበረው ሰገነት የሚገባው በሁለት በር ነው፤ በመካከላቸው ጠባብ መተላለፊያ አለ። ቡዝ የውጭውን በር ከውስጥ በእንጨት ደገፈው። የእንጨቱ ጫፍ የሚያርፍበት ቀዳዳ ግድግዳው ላይ ቀድሞ ተፈልፍሎ ነበር። ታስቦበት የተሠራ ለመሆኑ ከዚህ በላይ ምስክር አያሻኝም።

ጥያቄ፦ ምን ብሎ ነው የጮኸው?

መልስ፦ እዚህ ላይ ቃላቸው ይለያያል። ሰገነቱ ውስጥ ከሊንከን ጋር ተቀምጦ የነበረውና በጩቤ የቆሰለው ሻለቃ ራትቦን «ነፃነት» የሚል ቃል የሰማ መስሎታል። አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ብዙዎች ግን በላቲን «ሲክ ሴምፐር ቲራኒስ» (ለአምባገነን ሁልጊዜም እንዲህ ነው) ማለቱን ሰምተዋል። ቡዝ ራሱ በማስታወሻው ከመተኮሴ በፊት ጮኽኩ ይላል፤ እኔ አላምነውም። ራትቦን በቅድሚያ የሰማው ከኋላው የተተኮሰውን ጥይት ነው። ሰገነቱ ውስጥም መድረኩም ላይ ጮኾ ይሆናል ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ የቡዝ እግር የተሰበረው ከሰገነቱ ወደ መድረኩ ሲዘል ነው?

መልስ፦ እሱ እንደዚያ ጽፏል። ከፍታው 3 ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ሲወርድም እግሩ ሰገነቱ ላይ በተሰቀለው ባንዲራ ተጠልፏል። ሆኖም ቶሎ በተሰጡት ቃሎች ውስጥ ጎልቶ የሚወራው ሩጫው እንጂ ማነከሱ አይደለም። በኋላ ሲሸሽ ፈረሱ ወድቆበት ነው የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ።

ጥያቄ፦ እኔ ዋሽንግተን ነው የምኖረው፤ ገብቼ አይቼዋለሁ። ያው ቤት ነው?

መልስ፦ የውጭ ግድግዳው አዎ። ውስጡ ግን በ1893 ተደርምሶ 22 የመንግሥት ሠራተኞች ሞተውበታል። አሁን የምታየው ከግድያው በኋላ በተነሡ ፎቶግራፎች ጭምር ተመርቶ እንደገና ተሠርቶ በ1968 የተከፈተው ነው። ስለዚህ ርቀት ስትለካ ጥንቃቄ ያሻል። ደግመህ ከሄድክ መድረኩን ፊት ለፊት እያየህ በግራ በኩል ፎቁ ላይ ቁም፤ ሰገነቱ ከቀኝህ ፊት ለፊት ይሆናል። ምግብ ቤት የነበረው ፈርጉሰን ከሊንከን ጋር ይመጣል የተባለውን የጦር አዛዥ ጄኔራል ግራንትን አያለሁ ብሎ በዚያ በኩል ተቀምጦ ሰገነቱን ሲጠባበቅ ነበር። ቃሉን ከፍ አድርጌ የምይዘው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የመጨረሻው የዓይን ምስክርስ?

መልስ፦ ሳሙኤል ሲሞር፣ በ1956 ያረፈው። በዚያ ምሽት የ5 ዓመት ልጅ ነበር። ሊንከን ሲተኮስበት አላየም፤ ያሳሰበው ከላይ የወደቀው ሰውዬ ነበር።