ዱካክ ሲይዘን ሰውነታችን ለምን አይታዘዝም?

«ሌሊት ነቅቼ ዓይኔን ብገልጥም መንቀሳቀስ አቃተኝ፤ አንድ ነገር ደረቴ ላይ ተቀምጦ ነበር» ብለው ለጠየቁት፦ የገለጹት እናቶቻችን ዱካክ የሚሉትን ነው፤ መነሻውም የሕልም አሠራር ነው።

ጉልህ ሕልም በብዛት የምናየው ዓይናችን ከቆቡ ሥር ወዲያ ወዲህ በሚልበት የእንቅልፍ ክፍል ሲሆን፣ ይህንን በ1953 እ.ኤ.አ. ለይተው ያሳወቁት የቺካጎ ዩኒቨርሲቲዎቹ ዩጂን አሴሪንስኪና ናትናኤል ክላይትማን ናቸው። በዚያን ጊዜ አንጎል እንደ ነቃ ሰው አንጎል ይሠራል፤ ሆኖም ከአንጎል ግንድ የሚነሳ ትእዛዝ ጡንቻዎችን ስለሚያዝል፣ በሕልማችን ስንሮጥ እግራችን አልጋው ላይ ይረጋል። ፈረንሳዊው የእንቅልፍ ተመራማሪ ሚሼል ዡቬ ይህን ትእዛዝ የሚሰጠውን ክፍል በድመቶች ላይ ሲያበላሽ፣ ድመቶቹ በእንቅልፍ ላይ ሳሉ ተነስተው የማይታይ ነገር የሚያድኑ ይመስሉ ነበር።

ዱካክ የሚይዘው አእምሮ ቀድሞ ነቅቶ ይህ እስራት ሳይፈታ ሲቀር ነው። ከሳንባ ሥር ያለው ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ድያፍራም፣ ስለሚሠራ ትንፋሽ አይቋረጥም፤ የጎድን ጡንቻዎች ግን ስለዛሉ በረጅሙ ለመተንፈስ ሲሞክሩ ደረትዎ የተጫነ ይመስልዎታል። በሕልም ሰዓት የፍርሃት ማዕከሉ አሚግዳላ ንቁ በመሆኑ ያልጠፋው ሕልም በክፍሉ ውስጥ እንደ ጥላ ይታያል። ስለዚህ ያዩትን ለመናገር ፈጽሞ አይፈሩ፤ ብዙ ጤነኛ ሰው ያየዋል።

እንቅልፍ ማጣት፣ የሥራ ፈረቃ መቀያየርና በጀርባ መተኛት ያባብሱታል። ሲይዝዎት ከመታገል ይልቅ አንድ ጣትዎን ብቻ ለማንቀሳቀስ ይሞክሩ። ቀን በሥራ ላይ ሳሉ ድንገት እንቅልፍ የሚጥልዎት ከሆነ ግን ሐኪም ያማክሩ።